ነጯ ኳስ

ነገሩ የሆነው ደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቅ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ነው። ጽድና ወይራው የተረፈው ከድንጋይ አጥሩ ወዲህ ብቻ ነው። ደኑ ምን ያህል እንጨት እንደያዘ ልንለካ ሄድን። ከዓመታት በኋላ ሲለካ እያደገ ይሁን እየሳሳ ይታወቃል። ዱሮ ቢሆን ናሙና ዛፍ ተቆርጦ ይመዘን ነበር። እዚያ ግቢ መጥረቢያ ይዞ መግባት ግን አይታሰብም፤ ስለዚህ ሌዘር ስካነር ይዘናል።

መሣሪያው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ እየዞረ ጨረር ይልካል። ጨረሩ ግንድ ነክቶ እስኪመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። በአንድ ዙር ሚሊዮን ነጥቦች ይሰበሰባሉ። የግንዱን ጀርባ ግን ከአንድ ቦታ ሆኖ አያይም፤ ቦታ እየቀየሩ መድገም ነው። ዙሮቹን የሚያገጣጥሙልን ደግሞ መሬት ላይ የምናስቀምጣቸው ነጫጭ ኳሶች ናቸው። ንክች ማለት የለባቸውም።

እኔ ቸኩዬ ሦስት ብቻ አስቀመጥኩ። ከዚያ በታች አይሆንም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል ብዬ።

ማታ ሆቴል ላፕቶፔን ስከፍት ሶፍትዌሩ ሁለቱ ዙሮች በ17 ሴንቲሜትር አይገጥሙም አለኝ። የምንፈቅደው ስህተት 1 ሴንቲሜትር ነው። ደክሞኛል፣ እንቅልፌ መጥቷል። የሚፈቀደውን ወደ 20 ከፍ አደረግኩት። ሶፍትዌሩም ዝም አለ። እኔም ተኛሁ።

ጠዋት ባልደረባዬ ስክሪኑን አየችና «ይሄ ጽድ በአንድ ሌሊት ወፈረ እንዴ?» አለች። በደረት ቁመት፣ ማለትም ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ስናየው ግንዱ ክብ መሆን ሲገባው የተላለፉ ሁለት ቅስቶች ሆኗል። በሜትር 41 ሴንቲሜትር የለካነው ግንድ 58 ወጥቷል። ራቅ ያሉት ዛፎችማ ጭራሽ መንታ ሆነዋል።

ተመልሰን ሄድን። የኔታ ትንንሾቹን የቆሎ ተማሪዎች አስጠሩልን።

«ኳሷን የነካ አለ?»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ መልሰናታል!»

«የት?»

«እዚያው!»

«እዚያው» ያሉት አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ጨርሶ ብትጠፋ ይሻለኝ ነበር፤ ያኔ ዙሩን እደግመው ነበር። ልጆቹን ግን ምን እላቸዋለሁ? ምን እንደሆነች የነገራቸው የለም፤ ክብና ነጭ ነገር ሣር ላይ ወድቆ አገኙ፣ መቷት። ቁጥሩስ ማታውኑ ነግሮኝ አልነበር? አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ስድስት ኳስ አስቀመጥን። ልጆቹን ስካነሩ አጠገብ አቁመን የገዛ ፊታቸውን በነጥብ አሳየናቸው። ከዚያ በኋላ ለጸሎት የሚመጣውን ሽማግሌ ሁሉ «በዚያ ይዙሩ አባባ፣ እየተለካ ነው!» እያሉ ሲመልሱ ዋሉ። ማታ ስህተቱ 4 ሚሊሜትር ወጣ።

ከደብረ ታቦር እውነተኛ ኳስ ገዝተን ላክንላቸው። ነጭ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቅቀናል።