ሁለት ሽቦዎች የበሉብኝ ሦስት ወር

ላንድክሩዘር 80 ያለው፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው የሞተበትና ወደ ማንዋል ልቀይር የሚል ሰው ካለ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ይህን ያንብብ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለ ፍሪሲዮኑ፣ ስለ ቮላኖው፣ ስለ ዋጋው ሁሉም ምክር አለው። ስለ ሽቦው የሰማሁት ግን ይህን ብቻ ነው፦ «እሱ ቀላል ነው፤ ኤሌትሪሺያን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።»

እውነትም በግማሽ ቀን ጨረሰው። እኔ ግን ሦስት ወር ከፈልኩበት።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1994 የተሠራች፣ ከዱባይ የመጣች ባለ ቤንዚን 80 ናት። ሞተሯ 4.5 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤፍዜድ ነው፤ እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ካምቢዮው ግን መንሸራተት ጀመረ። ዘይቱ ጠቆረ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። አውቶማቲኩን አድሳለሁ ያለኝ ሁሉ ዋስትና ስጠይቀው ዝም ይላል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ አንድ ሳምንት ተመላልሼ፣ ከማንዋል ቤንዚን 80 የወረደ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል ጋር) ገዛሁ። ኤች151ኤፍ የሚባለው ነው። ጠንካራ ካምቢዮ ነው፤ በመምረጤ አሁንም አልጸጸትም።

የመካኒኩን ሥራ ልለፈው። የፍሪሲዮን ፔዳል ከነፓምፖቹ፣ ቮላኖ፣ ዲስክ፣ ኩሽኔታ፣ የማርሽ ዘንጉ የሚወጣበት የወለል ክዳን፤ አራት ቀን ፈጀ። መካኒኬ ጎበዝ ነው።

የሽቦውም አብዛኛው ከባድ አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ጎኑ ላይ አንድ ስዊች አለው። ማርሹ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። ሞተሪኖው እንዲዞር የሚፈቅደውም፣ የሪቨርስ መብራት የሚያበራውም እሱ ነው። ካምቢዮው ሲወርድ እሱም ይሄዳል። የሞተሪኖውን ሁለት ወፍራም ሽቦዎች አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ያገናኛቸዋል። እኔ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ ስዊች አስገጥሜ በእሱ አሳለፍኳቸው። ኤሌትሪሺያኖች «አያስፈልግም» ይሏችኋል። ያስፈልጋል! ማርሽ ውስጥ የቆመ መኪና ቁልፍ ሲዞር ይዘላል። እኔ የማቆመው ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ነው።

የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሽቦው ሥራ ስለሌለው ጫፉን በናስትሮ አፍነን አሰርነው። ዳሽቦርዴ ፍጥነት የሚያነበው በኤሌክትሪክ ሴንሰር ስለሆነ ሴንሰሩን ከድሮው ትራንስፈር ነቅለን ወደ አዲሱ አዛወርነው። ገባ፣ ሠራ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ማንዋል ካምቢዮ ላይ ሪቨርስ ሲገባ የሚነካ ትንሽ ስዊች አለ። በጥርስ የሚገባ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ነው። ትራንስፈሩ ላይ ደግሞ መልካቸው ከእሱ ብዙም የማይለይ ሌሎች ስዊቾች አሉ። አንደኛው የትራንስፈሩ ዘንግ ሎው (በዝግታ ግን በጉልበት የሚሄድበት) መግባቱን ይናገራል። ሌላው የመሃል ዲፈረንሻሉ መቆለፉን ይናገራል። ይህ መኪና ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚሄደው። ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ ስለማይጓዙ መሃል ላይ ያለው ዲፈረንሻል ልዩነቱን ያቻችላል። ጭቃ ውስጥ እንዲቆለፍ ትፈልጋለህ፤ አስፋልት ላይ ግን በፍጹም። ሎው ስታስገባ ስዊቹ ከዳሽቦርዱ ስር ላለች ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሳጥን መልእክት ይልካል። ሳጥኗ ትራንስፈሩ ላይ ያለውን ትንሽ ሞተር ታዝዛለች፤ ሞተሩም ይቆልፋል።

ሠላሳ ዓመት ሙቀትና ዘይት የጠጣ ሽቦ ነው። ሶኬቶቹ ሲነኩ እንደ ብስኩት ተሰባበሩ። ኤሌትሪሺያኑ ወጣት፣ እጁ ፈጣን ነው። ሶኬቶቹን ቆርጦ ከሶማሌ ተራ ከካምቢዮው ጋር በመጡት ተካቸው። የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ቀለም በቀለም ነው። አይጨነቁ።»

ቴስተሬ (የሽቦ መፈተሻዬ) ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል፣ ዝናብ ጀምሯል፣ መኪናዬ ስትነሳ ለማየት ቸኩያለሁ። አላወጣሁትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ደስታ አልረሳውም። ማርሹ ቅቤ ነው፤ መኪናዋ አሥር ዓመት ወጣት ሆነች። ማታ ከግቢዬ ወደ ኋላ ስወጣ ግን መሪው ከበደኝ። ጎማዎቹ ኮብልስቶኑ ላይ ጮኹ። ሰው ከፊት ይዞ የሚጎትታት ይመስላል። የመሃል ዲፈረንሻል መቆለፊያ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ አይበራም። አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ጥርሶቹ የሚገጥሙት መኪናዋ ትንሽ ስትንከባለል ስለሆነ አጭር ሪቨርስ ላይ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ያኔ ግን መካኒኩ «ይላመዳል» አለኝ። ኤሌትሪሺያኑ በስልክ «ግራውንድ ነው ጋሼ፣ ያረጀ መኪና ነው» አለኝ። ተቀበልኩ። ያቺ አምፖል እውነቱን እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ ግን ሰዎቹን አመንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ክሎዶ (ዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ደረሰ። የሪቨርስ መብራት አልበራም። መርማሪው ቀና ብሎ ሳያየኝ «አምፖል ቀይረው ይመለሱ» አለኝ። ሁለቱንም ቀየርኩ። ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። አሁንም አይበራም። ኤሌትሪሺያኑ ጋ ስመለስ ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅበት ዳሽቦርዴን በስቶ ማብሪያ ገጠመልኝ። ማብሪያውን ስትጫን የሪቨርስ መብራት ይበራል፤ ማርሽ ይግባ አይግባ ግድ የለውም። የድሮውን ሽቦ አልቆረጠም፣ አዲሱን ከጎኑ ቀጠለው። ይህን ያዙልኝ።

ተመለስኩ። መርማሪው «ያብሩት» አለኝ። ተጫንኩ። በራ። አለፍኩ።

ማርሽ እንዳስገባ እንኳ አልጠየቀኝም። ያ መብራት የተሠራው ከኋላዬ ለሚያልፍ ልጅ፣ ለሚቆም መኪና ነው እንጂ ለወረቀቱ አይደለም። ምርመራው ያለው የማይሠራ ነገር ለማግኘት ከሆነ፣ የእኔ ብልሽት ፊታቸው ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜ «ሪቨርስ ያስገቡ» ቢለኝ ኖሮ ያን ቀን ያልቅ ነበር። በእሱ ተናድጃለሁ። ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ማህተሙን ተቀብዬ ሄድኩ።

ከዚያ ነገሩ ባሰ። ከሪቨርስ ወደ ፊት ስቀይር «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የተጠማዘዘ ነገር ሲፈታ የሚሰጠው ድምፅ ነው። መካኒኩ ትራንስፈሩን ጠረጠረ። እኔም ተስማማሁ። ካምቢዮና ትራንስፈር እንደገና ወረዱ። ስድስት ቀን፣ 18,000 ብር። ተፈታ፣ ታየ። ጥርሱ ንጹሕ፣ ኩሽኔታው ጤነኛ። ምንም የለም። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሶማሌ ተራ ሄጄ ሻጩን «የሞተ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ» ብዬ በሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። ሰውየው ምንም አላጠፋም። በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ያጋጥማል ወንድሜ» አለኝ። ከገንዘቡ በላይ የከበደኝ እሱ ነው።

ተገጥማ ስትመጣም ያው ናት። ተስፋ ቆርጬ ሳለ ከጓደኛዬ ጋር በሁለት መኪና ወደ አንኮበር ሄድን። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው፣ ቀዝቃዛና ጭጋጋማ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወርደን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። መንገዱ ቁልቁለቱም ዳገቱም ከባድ ነው። ሎው አስገብቼ በቀስታ መውጣት ጀመርኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ነው። በድንገት ክላክስ አቀለጠው። ባውዛ ያበራል ያጠፋል። ስልኬ ጮኸ።

«ኧረ ቁም! ወደ ኋላ እየመጣህብኝ ነው!»

«ምን ሆነሃል፣ እየወጣሁ ነው እንጂ!»

«ታዲያ የሪቨርስ መብራትህ ምን አበራው?»

የዳሽቦርዱን ማብሪያ አየሁት። አልተጫነም። መኪናዋን አቁሜ የትራንስፈሩን ዘንግ ወደ ሃይ መለስኩት። «ጠፋ» አለኝ። ሎው አስገባሁ። «በራ» አለኝ። ዝናቡ ውስጥ ወርጄ ራሴ አየሁት። እዚያው ቆሜ የሦስቱ ወር ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ሁለቱ ሶኬቶች ተቀያይረው ነበር፤ ይኸው ነው። የሪቨርስ መብራት ሽቦ ትራንስፈሩ ላይ ካለው የሎው ስዊች ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ መብራቱ የሚበራው ሎው ሲገባ ነው። የሎው ሽቦ ደግሞ ካምቢዮው ላይ ካለው የሪቨርስ ስዊች ጋር ተያይዟል። ሪቨርስ ባስገባሁ ቁጥር ሳጥኗ «ሎው ገባ» ብላ ታምናለች፤ የመሃል ዲፈረንሻሉን ትቆልፋለች። ከግቢ በወጣሁ ቁጥር መሪ ጠምዝዤ፣ በደረቅ መሬት፣ በተቆለፈ ዲፈረንሻል ነበር የምወጣው። ክሮቼራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) አለመሰበሩ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ቴስተሬን ይዤ መኪናዋ ስር ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሶኬቶቹን አቀያየርኩ። ሪቨርስ ሲገባ መብራቱ ብቻ በራ። ሎው ሲገባ የመቆለፊያው ትንሽ ሞተር «ዝዝዝ» ብሎ ቆለፈ። ለሃያ ደቂቃ ሥራ ካምቢዮ አስወርጄ ነበር።

እንግዲህ ከእኔ ስሙ። ካምቢዮው ገና መሬት ላይ እያለ፣ ሽቅብ ሳይወጣ፣ ቴስተር አምጡ። አንድ ሰው ማርሹን ሪቨርስ ያስገባ፤ የትኛው ስዊች ሲዘጋ ቴስተሩ እንደሚጮህ ስሙ። ከዚያ ትራንስፈሩን ሎው አስገቡ፤ እንደገና ስሙ። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን ጻፉበት። ኤሌትሪሺያኑ ቢቸኩልም አትቸኩሉ። የመቆለፊያውን ትንሽ ሞተር ግን በባትሪ ልሞክረው ካላችሁ ለቅጽበት ብቻ ንኩት። በቀጥታ ኃይል ተሰጥቶት ከተተወ የሚያቆመው የለም፤ ይቃጠላል።

ቀለም አትመኑ። ከዱባይ የመጣ መኪና ሽቦና ከሌላ መኪና የወረደ ሶኬት አንድ ቋንቋ አይናገሩም። በመሃል ደግሞ ስንት ኤሌትሪሺያን ነክቶታል። የሽቦውን መገጣጠሚያ ሁሉም ሰው በስታኞ (ቀልጦ በሚያያዝ ብረት) አስበይደው ይላል። እኔ አልስማማም። መኪና ስር ንዝረት አለ፤ ስታኞው ሽቦውን ያደርቀዋል፣ ከጎኑ ይበጠሳል። በደንብ የተጨመቀ መገጣጠሚያና በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ ይሻላል።

ፋብሪካው ሎው ሲገባ ዲፈረንሻሉ በራሱ እንዲቆለፍ አድርጎ ሠርቶታል። እኔ ከሳጥኗ ሰባተኛዋን ፒን አውጥቻለሁ። አሁን የምቆልፈው ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የመኪናዋ ኦሪጅናል ማብሪያ፣ እኔ ስፈልግ ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ በሎው ቀስ ብሎ መታጠፍ ከፈለጋችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኦሪጅናል ማብሪያ የሌለው መኪና ካላችሁ ግን አትንኩት፤ መቆለፍ ጨርሶ ይቀርባችኋል።

ኤሌትሪሺያኑ የገጠመውን ማብሪያ ነቅዬ ጣልኩት። ቀዳዳው ዳሽቦርዴ ላይ አሁንም አለ።

ዘንድሮ ክሎዶ ስሄድ መርማሪው «የሪቨርስ መብራቱን ያብሩት» አለኝ። ማብሪያ የለውም፣ ማርሽ ሲገባ ነው የሚበራው አልኩት። «እሺ» ብሎ ዞሮ ከኋላ ቆመ። ፍሪሲዮን ረግጬ ሪቨርስ አስገባሁ። በመስታወት አየሁት፤ ሁለቱም በርተዋል።