ቢስሊግና ቲኑይአን ፏፏቴ፦ «ደረቁ ወቅት» ሲሏችሁ አትመኑ

ፊሊፒንስ መቼ ይኬዳል ብላችሁ የጠየቃችሁት ሁሉ ከዲሴምበር እስከ ሜይ፣ በደረቁ ወቅት ይላችኋል። የጉዞ መመሪያዎችም ይህንኑ ይደጋግማሉ። ለማኒላና ለፓላዋን ልክ ነው። በሚንዳናው ደሴት ምሥራቅ ዳርቻ፣ በሱሪጋው ዴል ሱር ክፍለ ሀገር ላለችው፣ የቲኑይአን ፏፏቴ ለሚገኝባት ቢስሊግ ግን ፍጹም ስህተት ነው። እኔ በጃንዋሪ ሄጄ ያገኘሁት ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ጎርፍ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔው ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለ30 ቀን ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ፓስፖርቱ ከቆይታችሁ በኋላ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት፣ ከአገሩ የሚያስወጣ ትኬትም በእጃችሁ ይኑር። ትኬቱን በወረቀት አትሙት፤ የኛን ፓስፖርት ሲያዩ ስልክ ላይ ያለ ነገር የማይጥማቸው የአየር መንገድ ሠራተኞች አሉ። ኢትራቨል የሚባለው ቅጽ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ይሞላል፤ ነፃ ስለሆነ ክፈሉ የሚል ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ካልተወሰደ አይቆጠርም። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይመዘገባል፤ ፏፏቴው ጋ ግን ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ከማኒላ ዳቫኦ በአውሮፕላን። የአገር ውስጥ ርካሽ አየር መንገዶች በእጅ የሚያስይዙት 7 ኪሎ ነው፣ ይመዝናሉም። ከዳቫኦ ኢኮላንድ አውቶቡስ ተራ ግንባሩ ላይ «ማንጋጎይ» የተጻፈበትን አውቶቡስ ያዙ፤ በታጉምና በሞንካዮ በኩል አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ቢስሊግ የሚል ምልክት ስታዩ ዘላችሁ እንዳትወርዱ። የቢስሊግ አሮጌው ከተማና ሌላው ሰፈሯ ማንጋጎይ የተራራቁ ናቸው። ገበያው፣ ርካሽ ማደሪያው፣ የገንዘብ ማሽኑና የሞተር ተራው ያለው ማንጋጎይ ነው፤ ዛሬ በተዘጋው የወረቀት ፋብሪካ ዙሪያ ያደገ ሰፈር ስለሆነ ነው። ጃኬት ከሻንጣ አውጥታችሁ ተሳፈሩ፣ የአውቶቡሱ ማቀዝቀዣ አጥንት ይሰብራል።

አሁን ወደ ዝናቡ። ጥፋቱ የነፋሱ ነው። ከኅዳር ገደማ ጀምሮ አሚሃን የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚገጥመው ይህ ዳርቻ ነው፤ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና የተሸከመውን እዚያው ያራግፋል። ወደ ምዕራብ የሚሻገረው ደርቆ ነው፤ ማኒላ በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የፊሊፒንስ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ፓጋሳ የሚጠቀምበት የአየር ንብረት አከፋፈል አራት ዓይነት አለው። ይህ ዳርቻ ሁለተኛው ውስጥ ነው፦ ደረቅ ወቅት የሚባል የለውም፣ ዝናቡም ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ይበረታል። ማንም አንብቦ ሊረዳው የሚችል ነገር ሆኖ ሳለ የጉዞ መመሪያ ጸሐፊዎች አንዱ ከሌላው እየገለበጡ አገሩን በሙሉ በማኒላ ሰማይ ይለኩታል።

እኛ ደግሞ የራሳችን በጋ ያታልለናል። ለገናና ለጥምቀት ፈቃድ ይወጣል፣ ጥር ማለት ለኛ ሰማዩ የጠራ ወር ነው፣ እዚያም እንደዚያው ይመስለናል። አውሎ ነፋሱም ቢሆን ካላንደሩን አያከብርም። ፓብሎ የተባለው በዲሴምበር 4 ቀን 2012 የብስ የረገጠው ከቢስሊግ በስተደቡብ በዚያው ዳርቻ ባለችው ባጋንጋ ላይ ነው። ኦዴት ደግሞ በዲሴምበር 16 ቀን 2021 በስተሰሜን ሲያርጋው የተባለችውን ደሴት መታ። «ጁላይና ኦገስት አውሎ ነፋስ አለ» ብሎ ለሚያስፈራራችሁ ሰው እነዚህን ሁለት ቀኖች ጥቀሱለት፤ የነዚያ ወራት አውሎ ነፋስ አብዛኛው ወደ ሰሜኑ ትልቅ ደሴት ወደ ሉዞን ነው የሚሄደው።

ፏፏቴው ጋ ምን ይለወጣል? ቲኑይአን ስፋቱ 95፣ ከፍታው 55 ሜትር ገደማ የሆነ፣ በእርከን በእርከን የሚወርድ ውሃ ነው። ውሃው ልኩን ሲይዝ የቀርከሃ ታንኳ በገመድ እየተሳበ ሥሩ ድረስ ያደርሳችኋል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ግዴታ ነው። በጎኑ ባለው ደረጃም ወደ ላይኞቹ እርከኖች ይወጣል። ጎርፍ ሲሆን ታንኳው ይታሰራል፣ ወደ ውሃው መግባት ይከለከላል፣ ብናኙ የካሜራውን መስታወት በየሰከንዱ ያለብሰዋል። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይወጣል የሚባለው ቀስተ ደመናም ፀሐይ ከሌለ አይኖርም።

ከመነሳቴ በፊት አንድ የመረጃ ጠረጴዛ ላይ ጠይቄ ነበር። «ፏፏቴው ክፍት ነው?» ስላት ሠራተኛዋ ቀና እንኳ ሳትል «ክፍት ነው፣ ደረቅ ወቅት ነው እኮ» አለችኝ። አልዋሸችም፣ በሩ ክፍት ነበር! አሁን ሳስበው እንኳ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ክፍት ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። መጠየቅ ያለበት ታንኳው ዛሬ ሠርቷል ወይ፣ ውሃው ቡናማ ነው ወይ ነው። መጠየቅ ያለበትም የቢሮ ሰው ሳይሆን ማንጋጎይ ሞተር ተራ ላይ የቆመው ሾፌር ነው፤ በዚያ ቀን ደርሶ የተመለሰ አይጠፋም። ማንጋጎይ ላይ ፀሐይ መውጣቱ ምንም አይነግራችሁም፣ ውሃውን የሚያደፈርሰው በስተላይ ጫካ ውስጥ የዘነበው ነው። የዳቫኦ ሰማይማ ጭራሽ ሌላ ነው። ዳቫኦ እያላችሁ የፓጋሳን ዕለታዊ ትንበያ ክፈቱ፤ «ካራጋ» (ሱሪጋው ዴል ሱር ያለችበት ክልል) ከሚለው ስም ጎን «ሺር ላይን» የሚል ቃል ካያችሁ የአውቶቡስ ትኬት አትቁረጡ። ሺር ላይን ቀዝቃዛው የአሚሃን አየርና የፓስፊኩ ሞቃት አየር የሚገናኙበት መስመር ነው፣ ዝናቡ ሲጥል ለቀናት ላያባራ ይችላል። ዳቫኦ ተቀምጦ መጠበቅ ማንጋጎይ ማደሪያ ውስጥ ጣሪያ ከማዳመጥ ይሻላል። እኔን ብትሰሙኝ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ሂዱ፤ ያኔም ይዘንባል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ወርዶ ያልፋል።

ከማንጋጎይ ፏፏቴው ድረስ መደበኛ ታክሲ የለም፣ ሃባል-ሃባል በሚሉት ሞተር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት፣ ደርሶ መልስና የሚጠብቅበትን ጭምር ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። እኔን 800 ፔሶ ብሎ ጀምሮ በ500 ተስማማን። ግማሹን እንኳ ቀድማችሁ አትስጡ፣ ሁሉንም ስትመለሱ ክፈሉ፤ ከፏፏቴው ሌላ ሞተር አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። ማልዳችሁ ውጡ፣ ጀንበር በጃንዋሪ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ውሃ የማያስገባ ቦርሳና የማያንሸራትት ሰንደል ያዙ፣ ነጠላ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ጉድ ይሠራችኋል። በመቶና በሃምሳ የተመነዘረ ፔሶ ይኑራችሁ፤ የአንድ ሺህ ኖት ገጠር ውስጥ መልስ የለውም። ዶላር ዳቫኦ መንዝሩ፣ ያልተጣጠፈና ያልተጻፈበት ይሁን።

ምግብ ካሪንደሪያ የሚባሉት የሠፈር ምግብ ቤቶች ውስጥ ርካሽ ነው፣ የተደረደረውን ድስት ከፍታችሁ ትመርጣላችሁ። አሳማ ለማትበሉ «ዋላይ ባቦይ» በሉ፣ አሳማ የሌለበት ማለት ነው። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሞንጎ የሚሉት የማሾ ወጥ ጾም መስሎ የአሳማ ቁራጭ ይገባበታል፣ አትክልቱም በአብዛኛው በዓሣ ወይም በሽሪምፕ መረቅ ነው የሚጣፍጠው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም የሚቀረው ነጭ ሩዝ፣ ሙዝና የተቀቀለ ስኳር ድንች ነው።

ፏፏቴው ከተበላሸባችሁ ከማንጋጎይ ወደ ቡቱዋን የሚሄደውን መኪና ይዛችሁ ሂናቱዋን ውረዱ፤ ከአውራ ጎዳናው መገንጠያ በሞተር «የተደገመበት ወንዝ» ወደሚሉት ሰማያዊ ምንጭ ይገባል። ዓሣዎቹ የሚመገቡት እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ከዚያ ቀድማችሁ ድረሱ። ዋናው ጉድጓድ ውስጥ መዋኘት ከ2017 ጀምሮ ተከልክሏል፣ የሚዋኘው በተለየው ቦታ ነው። በዲሴምበር 2 ቀን 2023 ከዚህች ከተማ ባሻገር ባሕር ውስጥ የተነሳው ርዕደ መሬት የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አስነስቶ ነበር፤ ባሕር ዳር ስታድሩ ወደ ከፍታ የሚያወጣውን መንገድ ሳይመሽ እዩት። ወደ ዳቫኦ የምትመለሱ ከሆነ ሂናቱዋን ላይ አትቆዩ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ከማንጋጎይ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠዋት ስትወጡ ተራው ላይ ጠይቃችሁ ውጡ።