በ61 ዓመቴ ቲክቶክ ጀመርኩ

የወሎ ደላንታ ሰው ነኝ። ክረምት ሲገባ ማጭዴን በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ በጋሸና፣ በወረታ፣ በጎንደር አድርጌ መተማ እወርዳለሁ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ። እዚያ እኛን ለሥራ የምንወርደውን የቀን ሠራተኞች ሳሉግ ይሉናል። ደላንታ ኦፓል የሚሉት የከበረ ድንጋይ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቆፍሬ ያገኘሁት የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

ቲክቶክ ያስጀመረችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ በደወልን ቁጥር ደህና ነኝ ነው የምትለው። እስኪ አሳየን» ብላ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የቀረጽኩት ሁሉ ከንቱ ነበር። ድምፄን ነፋስ ይበላዋል። ቀትር ላይ ደግሞ ስልኩ ግሎ ይጠፋል። ኋላ ላይ ጎህ ሲቀድ፣ ስልኩን ባላ እንጨት ላይ አስደግፌ መቅረጽ ያዝኩ። ለመጻፍ ዓይኔም ጣቴም እምቢ አለ፤ ስለዚህ አወራለሁ።

ሰው የወደደልኝ ለምን እንደምንጣደፍ ያሳየሁበትን ነው። ሰሊጥ ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ይፈሳል። ስለዚህ ጨርሶ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚሉት የነዶ ክምር ይቆማል። ሲደርቅ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። የእኛ ደጋ ሰው ሰሊጥን የሚያውቀው ገበያ ላይ ነው፤ ጉድ አለ። አዲስ ለሚመጡ ልጆች ደግሞ አጎበር ይዛችሁ ኑ እላለሁ። ካላዛር የሚሉትን በሽታ የሚያመጣው የአሸዋ ዝንብ የሚነድፈው በአብዛኛው ሲመሽና ሌሊት ነው።

አንዴ ግን አጠፋሁ። አብሮን የሚያጭድ አንድ ሰው ነበር። ለሚስቱ ጎንደር ጥበቃ ተቀጥሬያለሁ ብሏታል። እኔ ምን አውቄ፣ ነዶ ተሸክሞ ሲስቅ ቀርጬ ለቀቅኩት። ጎረቤት አይቶ ለሚስቱ አሳያት። ማታ ደውላ ስታለቅስ ሁላችንም ሰማን። እሱ እኔን አልተቆጣም። «አያ፣ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያየ አይቷል።

አሁን ስልኩን ከማንሳቴ በፊት «መታየት የማይፈልግ!» ብዬ እጮኻለሁ። የማይፈልገው ዞር ይላል። ልጄ «አባዬ፣ ሰዎቹ ለምን ፊታቸውን ያዞራሉ?» ትለኛለች። «ፀሐይ እየሸሹ ነው» እላታለሁ።