ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላችው አንዲት መስመር ናት። ለኤአይ ኤጀንታችን (የታዘዘውን ሥራ ራሱ ለሚፈጽመው ረዳት) የቀጠሮ መያዣ ቱል፣ ማለትም ኤጀንቱ የሚጠቀምበት ትንሽ ፕሮግራም፣ ሠርቼ መግለጫው ላይ «ቀንና ሰዓት ተቀብሎ ቀጠሮ ይይዛል» ብዬ ነበር። በቃ። ለሙከራ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ያዝልኝ» ብለው 3ን 03:00 አድርጎ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያዘልኝ! ሞዴሉን (የኤጀንቱን አእምሮ) እየረገምኩ ኮዱን ስበረብር ዋልኩ። ምስኪኑ ኮዴን የት አይቶት? የሚያነበው የቱሉን ስም፣ መግለጫውንና የሚሞላቸውን ቦታዎች ብቻ ነው።

በኋላ እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሰጥ። ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ ቀይር፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት 09:00 ነው። ካልለየልህ ጠይቀው እንጂ አትገምት።» ሥራውን የሠራችው ምሳሌዋ ናት መሰለኝ።

ደስ ብሎኝ ልዘጋ ስል «መስከረም 5» ብለው ሴፕቴምበር 5 አለኝ። ነገ እንገናኛለን 😅