ታና እንጂ ጣና አይደለም

«ታና ልሄድ ነው» ስል አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቻችን ባሕር ዳር የምሄድ መስሏቸው ነበር። አክስቴማ ለገዳም አድርሺልኝ ብላ ጧፍና ዕጣን በፌስታል ይዛ መጣች። ጣና አይደለም፣ ታና ነው፣ ቫኑዋቱ የሚባል አገር ውስጥ ያለ ደሴት ነው፣ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ውቅያኖስ መሃል፣ እያልኩ በስልኬ ካርታ ሳሳይ እማዬ አንዴ አየት አደረገችና «እዚህ ምን ጎደለብሽ?» አለች።

አባዬ ግን ገባው። ደብረ ማርቆስ ሲማር ያስተማረው ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ መንግሥት የሚልከው በጎ ፈቃደኛ፣ ነበር። ፒስ ኮሮች ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹ አስተማሪዎች። አባዬ ስለዚያ ሰውዬ ሲያወራ ምን እንዳስተማረው አንስቶ አያውቅም። የሚያወራው ሰውዬው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን እያወዛወዘ ያስተምር እንደነበር ነው። የእኛዎቹ አስተማሪዎች አርጩሜ ይዘው ቆመው፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ! አባዬ ዛሬም ትልቅ ነገር ሊናገር ሲል የምግብ ጠረጴዛችን ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። እማዬ በዚህ ሃያ ዓመት ተጨቃጭቃለች።

እ.ኤ.አ. በ2017 እኔም ፒስ ኮር ሆኜ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ቋንቋ መማሪያ ናቸው።

መንደሩ ነጭ ሲጠብቅ እኔ ከመኪናው ጀርባ ወረድኩ። ልጆቹ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይወርድ እንደሆነ እያዩ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ ከሰለሞን ደሴቶች ነሽ? ከፊጂ ነሽ? አሜሪካዊት ነኝ ስል ሳቁ። ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከታና ብዙ ወንዶች ለአሜሪካ ጦር ሊሠሩ ወደ ኤፋቴ ደሴት ሄደው ነበር፣ እና እዚያ ጥቁር ወታደሮች አይተዋል፤ የሽማግሌው አባት አንዱ ነበሩ። «እንዳንቺ ያሉ ነበሩ» አሉኝና ነገሩ አበቃ። ትውልዴ ኢትዮጵያ ነው ስል ደግሞ ሌላ ጉድ። እዚያ ሬጌ የማይሰማ ወጣት የለም። የጃንሆይ ምስል ያለበት ካናቴራ የለበሰ ልጅ ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለኝ። እኔ ሳልወለድ ነው ያረፉት ስለው ፊቱ ጠቆረ። ለሳምንት ያህል ሰላም አላለኝም።

ምግብ ላይ ብዙ አልተቸገርኩም። ዋናው ምግባቸው ላፕላፕ ነው፤ ቦዬ ወይም ጎደሬ ወይም ሙዝ ይፈቀፈቅና የኮኮናት ወተት ይጨመርበታል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በጋለ ድንጋይ ይበስላል። የኮባ ዳቦ የበላ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ጾም እንደውም እዚያ ይቀላል፣ ወተትና ቅቤ ከየት ይመጣል። የከበደኝ አሳማው ነው። ሠርግም ይሁን እርቅ ያለ አሳማ አይሆንም፣ ለእንግዳ ደግሞ ጥሩው ጥሩው ይወጣል። እኔ በቅጠል ላይ የቀረበልኝን አይቼ ላብ በላብ ሆንኩ። ያስጠጋችኝ እናት፣ ማማ ነው የምላት፣ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ዩ ኤስዲኤ?» አለችኝ። ሰንበት አክባሪ አድቬንቲስት ነሽ ወይ ማለቷ ነው። እነሱም አሳማ አይበሉም፣ ደሴቱ ላይ ሞልተዋል። ስለ ተዋሕዶ ቁጭ ብዬ ላስረዳ? በአገሩ መግባቢያ ቋንቋ በቢስላማ? «የስ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ የሚያዩኝ ሁሉ ግራ ይጋባሉ።

ታና ቡና ያበቅላል። አመዳም አፈር፣ ያሱር የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲተፋው የኖረ። ካፒቴን ኩክ በ1774 በዚያ ሲያልፍ የእሳቱን ወጋገን አይቷል፣ አሁንም አልጠፋም። ሌሊት ሲያጓራ መስኮቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሁለት ወር ሲሆነኝ ዝም ሲል ነው የምነቃው። ወደ ቡናው ልመለስ። እኔ ያለሁበት መንደር ቡናውን ለቅመው ይሸጡና ሻይ ይጠጣሉ! ከሜሪላንድ በሹራብ ጠቅልዬ ያመጣኋት ጀበና አንገቷ ተሰብሮ ነው የደረሰችው፣ ስለዚህ በድስት ክዳን ቆልቼ፣ በድንጋይ ወቅጬ፣ በማንቆርቆሪያ አፈላሁ። ጭሱን ለማማ አሸተትኳት። ወዲያው ጎረቤት ተጠራ። ወንዶቹ ማታ ማታ ካቫ፣ ከተክል ሥር የሚሠራ የሚያፈዝ መጠጥ፣ ይጠጣሉ፣ ታና ላይ ደግሞ ሴት እዚያ ዝር አትልም፣ እንግዲህ ከሰዓት በኋላ የእኔ ደጅ የሴቶቹ ሆነ። ሦስተኛውን ጠጥተው አይሄዱም ነበር። በረካ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው።

ማስተማሩስ? አገሩ እስከ 1980 የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጋራ ቅኝ ግዛት ስለነበር የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤትና የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አለ። የእኔ ልጆች ቤት የመንደራቸውን ቋንቋ፣ መንገድ ላይ ቢስላማ ይናገራሉ፣ ደብተራቸው እንግሊዝኛ ነው። እኔ አማርኛ ተናግሬ እንግሊዝኛ ስማር አሥራ አራት ዓመቴ ስለነበር ስቃያቸውን አውቀዋለሁ። ክፍላችን የ2015ቱ ፓም አውሎ ነፋስ ጣሪያውን ከወሰደው በኋላ የተሠራ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ያደነቁራል፣ ያን ጊዜ ሥዕል እንሥላለን።

የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ የሚንቁኝ መስሎኝ ነበር። ገባችሁ? እላለሁ፣ ዝም። ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ዝም። ለካ እየመለሱልኝ ነው። እዚያ «አዎ» ማለት ቅንድብን ከፍ ማድረግ ነው፣ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ እንደኛ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» እላለሁ። አንዷ ልጅ ደንግጣ «ሚሲስ፣ ዩ ፍራኤት?» አለችኝ። ፈራሽ ወይ? አዎ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ፣ ተሳሳቁ፣ ተረሳ። የተረሳ መስሎኝ ነበር።

ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ከሌላ ትምህርት ቤት አንድ ርዕሰ መምህር ሊጎበኙን መጡ። ክፍሉ ፊት ቆመው ሒሳቡን ሠርታችኋል? አሉ። ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፤ «እህ!» ሰውዬው ደንግጠው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

ይህን ለአባዬ ቤት ስገባ ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። እማዬ «ውረድ ከዚያ ጠረጴዛ» አለችው።