12 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ

ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ 12 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ላይ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ዜሮ እስኪደርስ ጄ0651 የተባሉት ጥንድ ኮከቦች እርስ በርስ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። ምድር ለዚሁ ሥራ ዓመት ይፈጅባታል።

ሁለቱም ነጭ ድንኮች ናቸው፤ ነዳጃቸው አልቆ የቀሩ የኮከብ እምብርቶች። አንደኛው የፀሐይን ሩብ ያህል ቁስ ብቻ ነው ያለው። ልቤን የያዘው እሱ ነው፤ ብቻውን ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬም ነጭ ድንክ አይሆንም ነበርና። ይህን የመሰለ ቀላል እምብርት ትቶ የሚያልፍ ኮከብ ራሱ ቀላል መሆን አለበት፤ ቀላል ኮከብ ደግሞ ሃይድሮጂኑን እንደ ቆንቋና እየቆጠበ ነው የሚያነደው። ለመጨረስ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ ማለትም ከጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ በላይ ይፈልጋል። ታዲያ ይሄኛው እንዴት ቀደመ? ጎረቤቱ ገፈፈው። ማበጥ ሲጀምር የውጭ አካሉ ተወሰደበትና እምብርቱ ሂሊየም ለማቀጣጠል ሳይበቃ ተራቁቶ ቀረ።

ድሮ ማስታወሻዬ ላይ «ቀላሉ ትንሹ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ ሰረዝኩት። በነጭ ድንኮች ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁስ በበዛ ቁጥር ስበት ይጨመድዳቸዋል። ቀላሉ በወርድ ምድርን አራት እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ሁለት እጥፍ የሚከብደው ጓደኛው ግን የምድርን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ነው።

የብርሃናቸውን ግራፍ ደጋግሜ አየሁት። ቀላሉ ሲጋረድ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ሌላኛው ሲጋረድ በትንሹ ይሰረጉዳል። በመካከሉ ሁለት ጉብታ አለ፤ ቀላሉ በጓደኛው ስበት እንቁላል መስሎ ስለተለጠጠ፣ ጎኑን ባሳየን ቁጥር ይደምቃል።

የስበት ሞገድ፣ ማለትም ከባድ አካላት ሲዞዞሩ በጠፈር ላይ የሚረጩት ሞገድ፣ ጉልበታቸውን ስለሚወስድ ዙራቸው በዓመት የሚሊ ሰከንድ ሲሶ ያህል ያጥራል። ይህን ማን ይለካዋል ብዬ ነበር። ግን በዓመት 41 ሺህ ዙር ስለሚዞሩ የእያንዳንዱ ዙር ትርፍ በላይ በላዩ ይጠራቀማል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተገኙ ዓመት አለፍ ሲል ግርዶሹ ዙሩ ባያጥር ኖሮ ከሚጠበቅበት ሰዓት 6 ሰከንድ ቀድሞ ተገኘ።

ትክክለኛው ዙር 765.2 ሰከንድ ነው። ስልኬ ክፍልፋይ ስለማይቀበል አምስተኛው ዙር ላይ አንድ ሰከንድ ቀድሜያቸው ነበር።