አንድ ማህተም

ቅዳሜ ጠዋት ደብሮኝ ነው ከቤት የወጣሁት። ምክንያቱን አልጽፍም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ያው የዱሮው ነገር ነው። ደብሊን ዝናብ፣ ስልኬ ዝም፣ ቤቱ ቀዝቃዛ። መኪናዬን አስነስቼ ዝም ብዬ ወደ ምዕራብ ነዳሁ። ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ስትሮክስታውን የምትባል ከተማ ላይ ቆምኩ። ለታሪክ ካለኝ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፣ ሽንት ቤት ፍለጋ ነው።

ስትሮክስታውን ሮስኮመን ውስጥ ያለች፣ ሕዝቧ ሺህ የማይሞላ ከተማ ናት። ዋናው መንገዷ ግን ስፋቱ ጉድ ነው። የዱሮው ባላባት በአውሮፓ አቻ የሌለው ጎዳና ይኑረኝ ብሎ ያሠራው ነው ይባላል። አሁን ግራና ቀኙ ላይ የተዘጉ ሱቆች አሉ፣ አንድ ትራክተር መሀሉን ይዞ ቀስ እያለ ያልፋል፣ በቃ። ጫፉ ላይ ትልቅ የድንጋይ ቅስት በር አለ። ከበሩ ጀርባ የባላባቱ ቤትና የአየርላንድ ብሔራዊ የረሃብ ሙዚየም። ሽንት ቤቱም እዚያው ነው። ከገባሁ አይቀር ብዬ ትኬት ቆረጥኩ።

ወጥ ቤቱን ልንገራችሁ። ከላይ በኩል እንደ ሰገነት ያለ መተላለፊያ አለው። እመቤቲቱ ሰኞ ሰኞ እዚያ ትቆምና የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር ወደ ታች ትጥልላቸው ነበር አሉን። ትጥላለች እንጂ አትወርድም። ወረቀቱ እየተንሳፈፈ ሲወርድ፣ አብሳይዋም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጎንበስ ብላ ስታነሳው ታየኝ።

ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የተላከ ወረቀት አለ። በ1846 ድንቹን በሽታ መትቶት ሲበሰብስ፣ ክሉናሂ የሚባል ቦታ ያሉ ጭሰኞች የጻፉት አቤቱታ ነው። ልጆቻችን ዓይናችን እያየ እየተሰቃዩ ነው፣ የምግብ ያለህ ጩኸታቸውን ከዚህ በላይ መቻል አቅቶናል ይላል። በሚቀጥለው ዓመት የዚያ ዘመኑ ባላባት 1,490 ሰዎች ወደ ካናዳ ሸኘ። ሒሳቡ ተሠርቶ ነው፤ ድሃ መጠለያ አስገብቶ ከመቀለብ መርከብ ማሳፈሩ ይረክሳል። ደብሊን ድረስ 165 ኪሎ ሜትር በእግራቸው፣ መሳፈራቸውን የሚያረጋግጥ የባላባቱ ሰው አብሯቸው፣ ከዚያ ሊቨርፑል፣ ከዚያ ውቅያኖስ። ቨርጂኒየስ የምትባለው መርከብ ላይ ብቻ ከ476ቱ 158ቱ ባሕር ላይ ሞቱ። ባላባቱንም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መንገድ ላይ ተኩሰው ገደሉት።

ቅዳሜዬ ከእጄ የወጣው «ሸኘ» የሚለው ላይ ነው። ሰፈራ ትዝ አለኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፣ 77 ብቻ የኛ።) አጎቴ በ77 ከወሎ በካሚዮን ተጭኖ ወደ ኢሉባቦር ሄደ፣ አልተመለሰም። እማዬ ስለሱ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሄድ ጋቢውን ለአያቴ ትቶላት ሄደ። ብርድ ነበር ወይስ ሙቀት፣ ወዶ ነው ወይስ ተገዶ፣ እሱን ጠይቄ አላውቅም። ጠይቄ ነበር እንዴ?

ካፌው ውስጥ ሻይና የፖም ታርት ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት እማማ ከየት ነሽ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ልጅ ሆነው በጾም ወቅት ከረሜላ ትተው ሳንቲሙን ትሮክራ የሚባለው የካቶሊኮቹ በጎ አድራጎት በሚያድለው ትንሽ የካርቶን ሣጥን ይከቱ ነበር፣ ለኢትዮጵያ። አመሰገንኳቸው። በአገሬ ስም ለከረሜላ ማመስገን እንዴት እንደሚያሳፍር አልነግራችሁም፣ ታርቱም አፌ ውስጥ ነበር።

ስለ ከተማው እሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ። ያን ሁሉ ሰነድ ያተረፈው የታሪክ ምሁር ሳይሆን የከተማው ጋራዥ ባለቤት ነው። በ1979 ግቢውን የገዛው ለከባድ መኪኖቹ ቦታ ፈልጎ ነበር። የዱሮው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ተከምሮ አገኘ፣ አነበበ፣ ሐሳቡን ቀየረ፣ በ1994 ሙዚየሙ ተከፈተ። ሰነዱ ከ50,000 በላይ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት ያልቅ ነበር።

የእማማ ቅሬታ አውቶቡሱ ነው። ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ዋናው መንገድ ላይ አንድ ሻይ እንኳን ሳይጠጡ። ለዚህ ነው እግረኞቹን የሚወዷቸው። የ1,490ዎቹን መንገድ አሁን የሚፈልግ ሰው እዚሁ ጀምሮ ይሄደዋል፣ አብዛኛውን መንገድ ሮያል ካናል የሚባለውን የዱሮ የጀልባ ቦይ ዳር ይዞ ደብሊን ይገባል፣ በየቦታው ትንንሽ የነሐስ የልጅ ጫማ ቆሞለታል። ጫማው የተቀዳው አንድ የፈረሰ ጎጆ ጣሪያ ውስጥ ከተገኘ የዚያ ዘመን ጫማ ነው። አዲስ ሆቴል የለም፣ አዲስ አስፋልት የለም፣ የቦዩ ዳር ዱሮም ነበር። እግረኛ ግን ይደክመዋል፣ ያድራል። ይርበዋልም፣ ቁርስ ይገዛል። በሰው ረሃብ መንገድ ላይ ቱሪስቱ እየተራበ ነው መንደሩ የሚበላው። አሪፍ ነው ልበል ወይስ ይቅር ይበለን? ቁርጡን አላውቅም። ከተዘጋ ሱቅ ግን ይሻላል መሰለኝ።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እማዬ ጋ ደወልኩ። ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሠራ፣ ሰዉ የ77ን መንገድ በእግሩ እየሄደ ቢያይ ምን ይመስልሻል አልኳት።

«ማን ገመናውን ለፈረንጅ ያሳያል?»

ለፈረንጅ ብቻ አይደለም፣ ለኛም ነው፣ ለልጆቹ፣ አልኳት። ዝም አለች። እሺ አጎቴስ፣ የሄደ ቀን ምን ለብሶ ነበር?

«ምሳ በላሽ?» አለችኝ።

ታርት በላሁ ብላት አይገባትም። በላሁ አልኳት። ምን በላሽ አለች፣ ከማን ጋር በላሽ አለች፣ ብቻሽን ነው እንዴ አለች፣ ከዚያ ወሬው ወደ ትዳሬ ዞረ፣ የሱን መጨረሻ ታውቁታላችሁ።

ሳልነግራችሁ፣ መንገደኞቹ የሚይዙት ፓስፖርት የምትመስል ደብተር አለች፣ በየቦታው ማህተም የሚመታባት። ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውን ማህተም እዚያው ግቢ ውስጥ አስመትቼ፣ በክብር መኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጬ፣ 165 ኪሎ ሜትሩን ማሞቂያውን ለኩሼ ነዳሁት። መሀል ላይ ቆሜም በርገር በላሁ።